ልጅን በአዲስ ከተማ ለማን አደራ እንስጥ?



በዚህ ዕትም ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ በየዓመቱ ከነሐሴ ወር ጀምሮ በየቤቱ የሚወራ ነው። ይኸውም አንድ ቤተሰብ ከለመደው ከተማ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሲዛወር፣ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጁን በየትኛው ትምህርት ቤት ያስገባው የሚለው ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ክፍያው ስንት ነው፣ ከቤት ምን ያህል ይርቃል ተብሎ የሚያልቅ ይመስላል። እኛ ግን ከሥሩ የኅሊና ጥያቄ አለበት እንላለን። ልጅ ትምህርት ቤት ሲሰጥ የሚሆነው ነገር በአማርኛችን ስም አለውና፤ አደራ ይባላል። አደራ ደግሞ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይጠይቃል።

በሆሳዕና ይህ ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በርትቷል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና መቀመጫው ስትሆን፣ በሐዋሳ ሲሠሩ የኖሩ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህም መምህራንና ሠራተኞች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ሌላም ዓይነት መንገደኛ አለ። አባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ገንዘብ ይልካል፤ እናት ልጆቿን ይዛ ከገጠሩ ቀበሌ ትወጣና በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ወይም በሾኔ ቤት ትከራያለች፤ ለምን ሲሏት ለልጆቹ ትምህርት ትላለች። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። በከተማው ውስጥ ስለ ትምህርት ቤቶች እውነቱን የሚነግራቸው የቅርብ ሰው ገና የላቸውም። ስለዚህ በሰንደቅና በግድግዳ ላይ የተጻፈውን ያምናሉ።

በመሠረቱ ለትምህርት ብሎ አገር መልቀቅ ለእኛ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። የሀዲያና የከምባታ የገጠር ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ወረዳ ከተማ ወርዶ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቆጮውንና ቆሎውን ተሸክሞ እንደገና ይወርዳል። ስንቁ ኀሙስ ላይ ያልቃል፤ ዓርብ ጧት በባዶ ሆድ ሒሳብ ይማራል። ከእኛ መካከል ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው። ከዚያም በፊት የአብነት ተማሪዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ዜማ ወይም ቅኔ የሚፈልግ ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ይሄዳል። ይህ ልጅ የሚመርጠው ሕንፃ አልነበረም፤ ሕንፃም አልነበረምና። መንገድ ላይ ያገኘውን ሌላ ተማሪ ግን ይጠይቃል። የኔታ ይታገሣሉ ወይ? አዲስ የመጣ ሲስት ይቆጣሉ ወይስ ይመልሳሉ? የቀደሙት ተማሪዎች ለኋለኞቹ ያስጠናሉ? እዚያ አገር ለተማሪ ቁራሽ ይሰጣል ወይ?

ይህ የመንገድ ላይ ጥያቄ ዛሬ ብዙ የተማሩ ወላጆች ከሚጠይቁት የተሻለ ይመስለናል። ዛሬ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስንት አሳለፈ የሚለው ነውና።

እርግጥ ነው፤ ይህን የሚጠይቁበት ምክንያት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 ብቻ አለፉ፤ ይኸውም 3.2 በመቶ ነው። በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። እንዲህ ያለውን ቁጥር የሰማ አባት ‹‹መቶ በመቶ አሳልፈናል›› የሚል ሰንደቅ ሲያይ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም።

ነገር ግን የመቶኛ ሒሳብ ሁለት ቁጥሮች አሉት። ስንት አለፉ የሚለው አንዱ ነው። ከስንት ውስጥ የሚለው ሁለተኛው ነው፤ በሰንደቁ ላይ አይጻፍም። አንድ ትምህርት ቤት በዘጠነኛ ክፍል 60 ልጆች ቢቀበል፣ አሥረኛ ላይ ደከም ያሉትን አሥራ አምስት ‹‹ሌላ ቦታ ቢሞክሩ ይሻላል›› ብሎ መሸኛ ቢሰጣቸው፣ አሥራ አንደኛ ላይ እንደገና ሃያውን ቢሸኝ፣ በመጨረሻ የቀሩትን 25 ቢያስፈትንና ሁሉም ቢያልፉ፣ መቶ በመቶ አሳልፏል። ውሸት የለበትም። ይህን ምሳሌ ለማስረዳት ብለን ያቀረብነው ነው፤ ሆኖም አሠራሩ ፈጠራ እንዳልሆነ ከእናንተ ብዙዎቹ ያውቃሉ። ከእኛ አንዱ የታናሽ ወንድሙን መሸኛ በመጋቢት ወር ተቀብሎ፣ ዓመቱ ሳያልቅ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ፍለጋ ሁለት ከተማ ዞሯል። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያት ‹‹በወላጅ ጥያቄ›› የሚል ነበር። ወላጅ ግን አልጠየቀም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታችን የተናገረውን የመቶ በጎች ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን በምድረ በዳ ትቶ አንዷን ፍለጋ ወጣ። እስቲ ይህን እረኛ በዛሬው ሰንደቅ ሥር አቁመን እንየው። የጠፋችውን በግ ከመዝገብ ሰርዞ ‹‹በእጄ ያሉት ዘጠና ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠና ዘጠኙም ደኅና ናቸው›› ቢል ኖሮ ሒሳቡ ልክ ይሆን ነበር። እርሱም መቶ በመቶ ነው። ወንጌሉ የሚያሳየን እረኛ ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ያልረሳው ነው። ስለዚህ ልጃችንን ይዘን ወደ ማናቸውም ትምህርት ቤት ስንገባ መጠየቅ ያለብን ከሦስት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ውስጥ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ላይ ያሉት ስንቶቹ ናቸው፣ የቀሩትስ የት ናቸው የሚለውን ነው። ርእሰ መምህሩ በዚህ ጥያቄ ቢቆጣ እርሱም መልስ ነው።

በዚህ ላይ የምንሰማው ተቃውሞ አለ። ‹‹የእኔ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ደካማው ቢባረር እኔን ምን አገባኝ? እንዲያውም ክፍሉ ይጠራል›› የሚል ነው። በግልጽ ባይናገሩትም ብዙዎች በልባቸው የያዙት ይህንኑ ነው። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። አንደኛው፣ ከተማ የቀየረ ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጎበዝ አይደለም። ከሐዋሳ የመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጓደኞቹን ጥሎ መጥቷል፤ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ በሀድይሳ ሲሣሣቁ ስለ እርሱ የሚያወሩ ይመስለዋል፤ የፊዚክስ መምህሩ እርሱ ያልደረሰበትን ምዕራፍ ጨርሷል፤ ወይም እርሱ የጨረሰውን ገና እየጀመረ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የሚነሣው ልጅ አሁን ከአልጋ አልወርድ ይላል። ስለዚህ መጤ ልጅ የጠፋችው በግ ማለት እርሱ ራሱ ነው፤ ቢያንስ እስከ ገና። ደካማውን የሚሸኝ ትምህርት ቤት በዚያ ጊዜ የሚያየው የእናንተን ልጅ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ደግሞ በማንኛውም ቤት ሕመም ይገባል፤ ኀዘን ይገባል፤ አባት ሥራ ይፈታል። አራቱንም ዓመት ጠንካራ ሆኖ የሚዘልቅ ልጅ አላየንም።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የጠለቀ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ስለደከመ ብቻ አንድ ቀን ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚያገኘው ጎበዝ ልጅ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚማረው ትምህርት በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ሰው የሚፈለገው እስከሚጠቅም ድረስ መሆኑን ይማራል። ይህን ደግሞ አይረሳውም፤ ዶክተርም ሆነ መሐንዲስ ሲሆን ይዞት ይሄዳል።

ነገር ግን ድጋፍ የሚለውን ቃል ስንጠቀም እንዳንሳሳት እንፈራለን። ድጋፍ ማለት ማርክ መጨመር የሚመስላቸው አሉ። አገራችን የዚህን ዋጋ በአደባባይ አይታለች። በፊት ብሔራዊው ፈተና በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ ኩረጃው፣ የፈተና ስርቆቱ የታወቀ ነበር። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው በዚያ እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ከላይ የጠቀስነው 3.3 በመቶ ታየ። በካርዱ ላይ 85 እና 90 ተጽፎለት የኖረ ልጅ 30 ሲያመጣ ቤተሰቡ ማመን አቃተው። ያ ልጅ ለብዙ ዓመታት ሲደገፍ ሳይሆን ሲሸነገል ነበር። ብዙዎቹ በኋላ በሬሜዲያል ትምህርት እንደገና ተጀምሮላቸዋል፤ በግቢያችን አብረናቸው ስለተማርን እንዴት እንደ ደከሙ እናውቃለን። የሚደግፍ መምህር እንግዲህ ‹‹አልገባህም›› ብሎ እውነቱን የሚናገር፣ ተናግሮም የማይሄድ ነው። እውነት ተናግሮ የሚሄድ አለ፤ ሳይናገር አብሮ የሚቀመጥም አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው የምንፈልገው።

እንዲህ ያለ ድጋፍ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሆሳዕና በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚመራ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ ከአርባ ዓመት በላይ አገልግሏል። በሃይማኖት ባንገናኝም የጎረቤትን መልካም ሥራ መናገር ከክርስቲያን ይጠበቃል። መስማት የማይችል ልጅ በተራ ትምህርት ቤት ሲገባ ሁሉም ሰው ‹‹እርሱ ይድረስብን›› ይላል፤ ከንፈራችንን ያንብብ፣ ከሰሌዳው ይገልብጥ፣ ካልቻለ ይቀመጥ። በእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ግን መጀመሪያ ወደ ልጁ የሚሄደው መምህሩ ነው፤ የምልክት ቋንቋውን ተምሮ፣ በልጁ ቋንቋ ቆሞ፣ ከዚያ ትምህርቱን ይጀምራል። ነገሩ ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ያለ ይመስለናል። ከሐዋሳ ለመጣው ልጅ፣ ከገጠር ለመጣችው ልጅ፣ መምህሩ አንድ እርምጃ ወደ እነርሱ ይሄዳል ወይስ እነርሱ እስኪደርሱበት ከሰሌዳው አጠገብ ይጠብቃል? በክፍያ መጠን የሚታወቅ ነገር አይደለም። ‹‹የግል›› የሚለው ስም ብቻውን ደጋፊ አያደርግም፤ አንዳንዴ አንድ ትጉህ የክፍል ኀላፊ መምህር ያለበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ይበልጣል።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው መናገር አለብን። በከምባታ የተወለዱት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ውኃ ልቀዳ ብለው ከቤት እየወጡ በድብቅ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይሮጡ እንደነበር ተናግረዋል። በኋላ በአሜሪካ አገር ድረስ ተምረው ተመለሱና፣ ከእኅታቸው ጋር የከምባታ ሴቶችን ማኅበር መሥርተው የሴት ልጅ ግርዛትን በመታገል ዓለም አወቃቸው፤ በ2012 ዓ.ም. አርፈዋል። ታሪካቸው ሲነገር ሁላችን የምናደንቀው የልጅቱን ብርታት ነው። እኛ ግን ስለ እንስራው እናስባለን። ውኃው ያን ቀን ማን ቀዳው? ልጅቱ ዘግይታ ስትደርስ በሩን የከፈተላት፣ ለምን ዘገየሽ ብሎ ያልመለሳት መምህር ማን ነበር? ዛሬ በከተማ የምንከራይላት እኅታችን ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አጥባ ነው ሁለት ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ በር የምትደርሰው። አምስት ደቂቃ ስትዘገይ በሩ ይዘጋባታል ወይስ ዘበኛው ስሟን ያውቃል? የሴቶች መጸዳጃ ቤቱ ውኃ አለው ወይ? ስለዚህ ነገር መጠየቅ የሚያፍር አባት ካለ እናት ትጠይቅ፤ እናት ባትችል እኛ እንጠይቅላታለን። በወር ሦስት አራት ቀን ከክፍል የምትቀር ልጅ በዓመት ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ታጣለች፤ ከዚያም ‹‹ደካማ›› ትባላለች።

ወንዶቹ ደግሞ ሌላ በር አላቸው። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት ብዛት የታወቀ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ያለ ልጅ ሰውነቱ በወንበሩ ላይ ነው፤ ልቡ ግን ጆሃንስበርግ ሱቅ ከከፈተው ታላቅ ወንድሙ ጋር ነው። በመንገድ ላይ ስለ ሞቱት፣ በየአገሩ እስር ቤት ስለ ቀሩት ይሰማል፤ ግን አዲስ የተሠራውን ቤትም ያያል። ይህን ልጅ በምክር ብቻ የሚያስቀረው የለም፤ ለመቅረቱም ዋስትና የሚሰጥ ትምህርት ቤት የለም። ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። ስሙ ሲጠራ ሦስት ቀን ‹‹የለም›› የሚባል ልጅ በአንዱ ትምህርት ቤት ጭረት ይደረግበታል፤ በሌላው አንድ መምህር ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሄደበት ቀን ልጁ ከደላላ ጋር ተዋውሎ ሊሆን ይችላል፤ ገና ካልተዋዋለ ግን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ይኸው መምህር ነው። እናቲቱ ብቻዋን ልጆቿን ከምታሳድግበት ቤት እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣ የቱን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም።

ሌላው አሳሳቢ ነገር ሃይማኖት ነው። በሀዲያና በከምባታ አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው፤ በመልካም ስማቸው የታወቁት የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም የካቶሊክ ወይም የወንጌላውያን ናቸው። ከሌላ አገር የመጣ የተዋሕዶ ልጅ ወላጅ ‹‹ልጄ ሃይማኖቱን ይለውጥብኛል›› ብሎ ደኅናውን ትምህርት ቤት ሲተው አይተናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዝዛል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ማንም ቢሆን በክፍል የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነው። ሆኖም ስጋቱን በሕግ ብቻ አናራግፈውም። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በባቢሎን ትምህርት ቤት ሲገቡ ስማቸው ሳይቀር ተለውጦባቸው ነበር። ከንጉሡ ማዕድ አንበላም ሲሉ፣ በላያቸው የተሾመው ሰው ለአሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ሰጥቶ ሊፈትናቸው ፈቀደ። ስለ ዳንኤል ጽናት ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ስለዚያ ሰው ግን ሰምተን አናውቅም። የእኛን እምነት አልያዘም፤ ልጆቹን ግን ሰማ። ልጃችንን የምንሰጠው ለእንዲህ ያለ ሰው ከሆነ የባለቤቱ ሃይማኖት ያን ያህል አያስፈራንም። በጾም ቀን ምሳውን ያልከፈተውን ልጅ የማይስቁበት፣ የጥምቀት ማግስት ዘግይቶ ሲመጣ የሚጠይቁት ግን የማያዋርዱት ትምህርት ቤት ይሁን። በዚያው ልክ የእኛ እምነት ተከታዮች በሚበዙበት ትምህርት ቤት የሌላው ልጅ እንዴት እንደሚያዝ እንይ፤ ጨዋነታችን የሚታየው እዚያ ነውና።

እስካሁን ያልነው ሁሉ መምረጥ ለሚችል ሰው ነው። መምረጥ የማይችለውስ? የግል ትምህርት ቤት ክፍያ የአንድ መምህር ደመወዝን ምን ያህል እንደሚበላ ሁላችን እናውቃለን፤ የቀን ሠራተኛማ ከነአካቴው አይጠይቅም። በዚህ ላይ አባሎቻችን ሲከራከሩ ሰምተናል። አንዳንዶቹ አቅም ያለው ሁሉ ልጁን ወደ ግል ሲያወጣ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ተቆርቋሪ ወላጅ ያጣል፤ ስለዚህ መውጣት ራሱ በደል ነው ይላሉ። ሌሎቹ አባት ልጁን ለመርህ ብሎ መሥዋዕት ሊያደርግ አይገባም ይላሉ። እኛ ሁለተኛው ወገን እውነት አለው ብለን እንፈርዳለን። ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው፤ ሥርዓቱ እስኪስተካከል አይጠብቅም። የመጀመሪያው ወገን የተናገረው ዕዳ ግን በዚህ አይሰረዝም። ልጁን ወደተሻለው ያስገባ ሰው ትቶት ከሄደው ትምህርት ቤት ጋር ያለው ነገር አላለቀም። በክረምት ወራት ከየዩኒቨርሲቲው የምንመለስ ተማሪዎች ሒሳብና እንግሊዝኛ ልናስጠና እንችላለን፤ ከግል ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጆችም ከመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በአንድ አዳራሽ ቢቀመጡ ከተማው የሚለያቸውን ያህል አይራራቁም።

እንግዲህ ምርጫው ሲደረግ እንዴት ይታይ ለሚል፣ እኛ የምናደርገውን እንናገር። ወደ ትምህርት ቤቱ በምዝገባ ቀን ብቻ አትሂዱ፤ ያን ቀን ሁሉም ፈገግ ይላል። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ርእሰ መምህሩ ከእናንተ ጋር ብቻ ተነጋግሮ ልጁን ስሙን እንኳ ሳይጠይቀው ከሸኛችሁ አስተውሉ። ትምህርት ካለቀ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ በበሩ በኩል እለፉ፤ ግቢው ጭር ብሎ ከሆነ ‹‹የማጠናከሪያ ትምህርት አለን›› ያሏችሁ በወረቀት ላይ ነው። መምህራኑ በየዓመቱ የሚለዋወጡ መሆናቸውን ጠይቁ፤ ልጅን ለማወቅ አንድ ዓመት ይወስዳልና፣ በዓመቱ የሚሄድ መምህር ማንንም አያውቅም። ከሁሉ ይልቅ እንደ አብነት ተማሪው ተማሪዎቹን ጠይቁ። ከበሩ አጠገብ ካለችው ሱቅ ማስቲካ የሚገዙት ልጆች ከማንም በላይ ያውቃሉ። ‹‹ያልገባው ሰው እጁን ሲያወጣ ምን ይሆናል?›› በሏቸው። እርስ በርሳቸው ተያይተው ከሣቁ በቂ ነው።

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከሆሳዕና በዓል ነው። በዚያ ቀን በቤተ መቅደስ የጮኹት ሕፃናት እንግዳውን ሲቀበሉ፣ ታላላቆቹ ግን ጩኸቱ ረብሿቸው ነበር። ዛሬ እንግዶቹ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ በዚህ ዓመትም ይመጣሉ።

በመጨረሻ ስለ አንድ ትንሽ ነገር። በሁሉም ትምህርት ቤት የመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ‹‹የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስምና ፊርማ›› የሚል መስመር አለ። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው በዚያ መስመር ላይ የተጻፈው ሰው ነው። አባት ደርባን ሲሆን፣ እናት ደግሞ ገበያ ውላ የምታድር ስትሆን፣ ወይም ልጁ ከገጠር ብቻውን ወርዶ የተከራየ ሲሆን፣ በመስመሩ ላይ የሚጻፈው ስም ብዙ ጊዜ ለይስሙላ ነው፤ አንዳንዴ የአከራዩ ስም ይጻፋል። መምህሩ ሲደውል የሚያነሣ የለም። በእኛ አገር ደግሞ አጎት አለ፣ አክስት አለች፣ የክርስትና አባት አለ፣ የክርስትና እናት አለች፤ እነዚህን መጀመሪያ ጠይቁ። ማንም ከሌለ፣ ከእኛ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በዚህ ዓመት በሆሳዕና የምንቆየው ስማችንን በዚያ መስመር ላይ ለማስጻፍና በስብሰባው ቀን ለመገኘት ተስማምተናል። የሚፈልግ ቤተሰብ ወይም ተማሪ ከእሑድ መርሐ ግብር በኋላ በአዳራሹ በስተግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ያነጋግረን፤ የልጁን የክፍል ኀላፊ መምህር ስም ይዞ ቢመጣ ይቀለናል።